አንገቷ የተቀደደው ወፍ፦ ለሐይቋ መምህርት የተሰጠ ምላሽ

ከሐይቅ ከተማ አንዲት የአንደኛ ደረጃ መምህርት እንዲህ ብላ ጽፋልኛለች፦ «ጋሼ፣ ለአምስተኛ ክፍል ልጆቼ የጃፓኖቹን የወረቀት ወፍ ላስተምር ብዬ ሦስት ምሽት ታገልኩ። ከደብተር አሥራ አንድ ሉክ ቀደድኩ። ቪዲዮው ላይ ያለችው ልጅ በአራት ደቂቃ ትጨርሳለች። የእኔ ግን ትንሽ ካሬ ሆኖ መከደን ሲገባው አልከደንም ይላል። በግድ ስከድነው ጫፎቹ አይገናኙም። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ነገር ይወፍራል፤ በመጨረሻ አንገቷን ወደ ላይ ስመልስ ትቀደዳለች። አንዷ ብቻ ሳትቀደድ ተርፋልኝ ነበር፤ እሷንም ባለቤቴ አይቶ ‹ዶሮ ናት ወይስ ጫማ?› አለኝ። እጄ ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም ይሆን? አንቺ ይበሉኝ፣ በዕድሜ ልጅዎ ነኝ።»

አብሽሪ። ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልነሳ፦ ጉዳዩ የእጅ አይደለም። ሦስት ምሽት ተቀምጦ አሥራ አንድ ጊዜ የሞከረ እጅ ምንም አልጎደለውም። የጻፍሽውን ደጋግሜ ሳነበው ወረቀቱ የት ላይ እንደታመመ ከሞላ ጎደል ታየኝ። አንቺ ሕመሙን የምትፈልጊው አንገቷ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ወፏ ገና ወፍ ሳትሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች የሆነ ነገር ነው እላለሁ። በወረቀት ሥራ ጥፋቱ የሚሠራበትና የሚታይበት ቦታ ይራራቃል። በመጀመሪያው እጥፋት ያመለጠች ሁለት ሚሊ ሜትር በየደረጃው ተደብቃ ትሄድና አንገት ላይ ስትደርስ ትቀድዳለች፤ ሰው ግን የሚወቅሰው የተቀደደበትን እጥፋት ነው።

እኔ ደሴ ውስጥ በመጽሐፍ ጥረዛ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከሃያ ዓመት በላይ ወረቀት ቆርጫለሁ፣ አጥፌአለሁ፣ ሰፍቻለሁ። ወደ ኦሪጋሚ፣ ማለትም ወደ ጃፓኖቹ ወረቀት የማጠፍ ጥበብ፣ የገባሁት ግን ልክ እንዳንቺ በሽንፈት ነው። ጊዜው ጥር ነበር፣ የሠርግ መጥሪያ የሚበዛበት። ከመጥሪያ ካርዱ የተረፈው ቁርጥራጭ፣ ወርቃማውና ሐምራዊው፣ በጣም ያምር ስለነበር አንዱን ካሬ አድርጌ ከአንድ የተባዛ ገጽ ላይ እያየሁ ማጠፍ ጀመርኩ። ወረቀት አውቃለሁ ብዬ የምኮራ ሰው ለመጥሪያ የተሠራ ባለ 250 ግራም ካርድ ለወፍ መረጥኩ! አምስተኛው እጥፋት ላይ ካርዱ ጀርባው እየተሰነጠቀ ነጭ ጥርሱን አሳየኝ። ስምንተኛው ላይ በጉልበቴ ተደግፌ ነበር የማጥፈው። የወጣውን ነገር አሠሪዬ አንስተው አገላበጡና የበሩ ማቆሚያ እንደጠፋ አስታወሱኝ። ከባለቤትሽ ጫማ የእኔ የበር ማቆሚያ ይብሳል።

ስለዚህ ከወረቀቱ እንጀምር። ሱቅ ውስጥ «80 ግራም» የሚባለው የፎቶ ኮፒ ወረቀት አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነው 80 ግራም ይመዝናል ማለት ነው። ውፍረቱ የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ነው፤ ለማመን ከፈለግሽ አንድ ደስታ ሙሉ፣ ማለትም 500 ሉክ፣ በማስመሪያ ለኪው፣ አምስት ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይመጣል። አንዱ ብቻውን ምንም አይደለም። አንድ ጊዜ ስታጥፊው ግን ሁለት ይሆናል፣ ደግመሽ ስታጥፊው አራት፣ ከዚያ ስምንት፣ አሥራ ስድስት፣ በአምስተኛው ሠላሳ ሁለት ንብርብር፤ ሦስት ሚሊ ሜትር አለፈ ማለት ነው። ወፏ ላይ ንብርብሩ እንዲህ በቀጥታ አይባዛም፣ ግን አንገትና ጅራት በሚሆኑት ሁለት ቀጫጭን እግሮች ላይ ይከማቻል። «ከዚያ ወዲያ ሁሉም ነገር ይወፍራል» ያልሽው ይህ ነው። ለኦሪጋሚ ተብሎ የሚሸጠው ወረቀት በአብዛኛው ጎንና ጎኑ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ከፎቶ ኮፒ ወረቀት የሳሳ፣ አንድ ፊቱ ባለ ቀለም ሌላው ነጭ ነው።

የደብተር ወረቀት ቀጭን ነውና ጥሩ ምርጫ ይመስላል። በውፍረቱ እስማማለሁ። ችግሩ ሌላ ነው። ከደብተር መሃል የወጣ ሉክ ገና ሳትነኪው አንድ እጥፋት አለው፣ ስፒሉ የነበረበት። ያ እጥፋት አንቺ ያላዘዝሽው ነው፤ ወረቀት ደግሞ አንድ ጊዜ የታጠፈበትን አይረሳም፣ ባሰኘሽ ቦታ ልታጥፊው ስትይ ወደ ድሮው መስመር ይንሸራተታል። ግማሹን ቀድደሽ ከሆነ የተጠቀምሽው፣ የተቀደደው ጎን ቀጥ ያለ አይደለም፤ ዓይን ቀጥ ያለ ነው ቢልም ማስመሪያ ሲጠጋበት ይጋለጣል። የደብተሩ ውጫዊ ጠርዝም በልጆች ቦርሳ ውስጥ ተመላልሶ ማዕዘኑ ዶልዱሟል።

ሌላም አለ፣ እኛ ጠራዦች የምንጨነቅበት። ወረቀት ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ጭረቶቹ፣ ማለትም እንደ ቃጫ ያሉት ጥቃቅን ክሮቹ፣ አብዛኛዎቹ ማሽኑ በሚሄድበት አቅጣጫ ይተኛሉ፣ ልክ ውኃ የወሰደው ገለባ ወንዙን ተከትሎ እንደሚተኛ። በዚያ አቅጣጫ ስታጥፊ እሺ ይላል፣ ጥርት ያለ መስመር ይሰጥሻል፤ አቋርጠሽ ስታጥፊ ያጉረመርማል፣ ወፍራም ከሆነም ይሰነጠቃል። ለማወቅ ከአንድ ሉክ ላይ ሁለት እኩል ቀጫጭን ቁርጥራጮች ቁረጪ፣ አንዱን በቁመቱ አንዱን በአግድሙ፤ ደራርበሽ በአንድ ጫፋቸው ያዢያቸው። ይበልጥ ቀና ብሎ የሚቆመው ጭረቱ በርዝመቱ የተኛለት ነው፤ እንደ ደከመው ሰው የሚንጠለጠለው ጭረቱን አቋርጦ የተቆረጠው ነው። ለወፏ ይህ ያን ያህል አያስጨንቅም፣ ካሬው በሁሉም አቅጣጫ ስለሚታጠፍ። ግን አንዱ ክንፍ ጥርት ብሎ ሌላው ለምን ሸካራ እንደሚሆን ሲገርምሽ ምክንያቱን ታውቂዋለሽ።

አየሩንም አትርሺ። ክረምት ሲገባና የጦሳ ተራራ ጭጋግ ደሴ ላይ ሲወርድ ወረቀት እርጥበት ይጠጣል፣ ይለሰልሳል፣ በጭረቱ አግድም ይሰፋል። እንዲህ ባለው ቀን ያጠፍሽው እጥፋት ተመልሶ ይከፈትብሻል። በበጋ ኮምቦልቻ ወርደሽ ያንኑ ወረቀት ብታጥፊው ደርቆ ይንኮሻኮሻል። ወረቀቱን ከሱቅ አምጥተሽ ወዲያው አትጀምሪ፤ የምታጥፊበት ቤት ውስጥ አንድ ሌሊት ይደር።

እንግዲህ ካሬው። የኤ4 ወረቀት 210 በ297 ሚሊ ሜትር ነው። አንዱን ማዕዘን ይዘሽ አጭሩን ጎን በረጅሙ ጎን ላይ ስታስተኚው ሦስት ማዕዘን ይወጣል፤ የሚተርፈው 87 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሪባን ነው፣ እሱን ትቆርጪዋለሽ። በመቀስ አይሁን። መቀስ በየእርምጃው ትንሽ ይዞራል። ማስመሪያውን አስደግፈሽ በምላጭ ቁረጪው፤ ምላጭ ልጆች ፊት ማውጣት ካልወደድሽ እጥፋቱን በማንኪያ ጀርባ ሁለት ሦስት ጊዜ ወዲያና ወዲህ አድርገሽ በማስመሪያው ጠርዝ ላይ ቅደጂው። ከዚያ ፈትኚው፦ በሁለተኛው ሰያፍ እጠፊውና ጫፍ ከጫፍ ይግጠም አይግጠም እዪ። ሁለት ሚሊ ሜትር ካመለጠ ወረቀቱን ለሌላ ነገር አድርጊው እንጂ ወደ ወፍ አትሂጂ። ጨካኝ ምክር ይመስላል፤ ሆኖም ሃያ ደቂቃ ደክመሽ ከመናደድ ሃያ ሰከንድ ተናድዶ ሌላ መቁረጥ ይሻላል። እናንተ ሐይቅ ላሉት ይህን መንገር ሊያሳፍረኝ ይገባል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስጻፉት ወንጌል እዚያው ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ነው ያለው፤ ብራና የሚያዘጋጅ ሰው ቆዳውን ወጥሮ፣ ፍቆ፣ አጥፎ፣ በወስፌ ነድሎ፣ መስመሩን አስምሮ ሲጨርስ ነው ቀለም የሚበጠበጠው። ፊደሉ የሚያምረው ገና ከመጻፉ በፊት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ። «አልከደንም ይላል» ያልሽው ሁሉን ነገረኝ። ካሬውን በአግድም፣ በቁመት፣ ከዚያም በሁለቱም ሰያፍ አጥፈሽ ዘርግተሽዋል፤ ነገር ግን አራቱንም ያጠፍሽው ወረቀቱን አንድ ጊዜ እንኳን ሳትገለብጪ፣ በአንድ ፊት ይመስለኛል። ቪዲዮው ላይ ልጅቷ ወረቀቱን የገለበጠችበት ቅጽበት ከግማሽ ሰከንድ አይበልጥም፣ ፊቱ ሁለቱም ነጭ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይታይም።

ኦሪጋሚ ውስጥ መሠረቱ ሁለት ዓይነት እጥፋት ነው። ከፊትሽ ያለውን ጠርዝ አንስተሽ ወደ ውስጥ ስትከድኚው መስመሩ ይጎደጉዳል፤ ይህ ሸለቆ ይባላል። ወደ ኋላ ስታጥፊው መስመሩ ወደ አንቺ ይወጣል፤ ይህ ተራራ ነው። እኛ ይህን ለመረዳት ጃፓን መሄድ አያስፈልገንም፤ ደሴ ላይ ቆመሽ ጦሳን ቀና ብለሽ ካየሽ ተራራ፣ የቦርከናን ወንዝ ዝቅ ብለሽ ካየሽ ሸለቆ። በሥዕል መመሪያዎች ላይ ሸለቆ በተቆራረጠ ሰረዝ፣ ተራራ በሰረዝና በነጥብ ይሳላል። ልብ ማለት ያለብሽ አንድ መስመር ከዚህ ፊት ሸለቆ ከሆነ ከዚያ ፊት ተራራ መሆኑን ነው። አራቱን በአንድ ፊት ስታጥፊ ሁሉም ሸለቆ ሆኑ፤ ሁሉም ሸለቆ የሆነ አገር ደግሞ አይከደንም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ባለ ቀለሙን ፊት ወደ ላይ አድርጊ፤ ወረቀቱ ነጭ ከሆነ በአንዱ ፊት ጥግ ላይ በእርሳስ ትንሽ መስቀል ይኑርበት፣ እሱን ቀለም ብለሽ ቁጠሪው። ሁለቱን ሰያፎች ማዕዘን ከማዕዘን እያገናኘሽ እጠፊና ዘርጊ። አሁን ገልብጪው። በነጩ ፊት ጠርዝ ከጠርዝ እያገናኘሽ አንድ ጊዜ በአግድም፣ አንድ ጊዜ በቁመት እጠፊና ዘርጊ። ነጩ ወደ ላይ እንደሆነ የወረቀቱን እምብርት በጣትሽ ጫፍ ቀስ ብለሽ ተጫኚው። ልክ ከሆነ ጠቅ ብሎ ወደ ታች ይጎደጉዳል፣ አራቱም ማዕዘኖች ቀና ቀና ይላሉ፣ ልክ ቀዝቀዝ ሲለው እንደሚሰበሰብ አበባ። ሁለቱን ተቃራኒ ማዕዘኖች ይዘሽ ስታቀራርቢያቸው የቀሩት ሁለቱ ራሳቸው ይከተላሉ። መግፋት የለም። ኃይል የጠየቀሽ እንደሆነ ቁሚ፣ አንድ መስመር አቅጣጫው ተሳስቷል ማለት ነው።

የተከደነውን ትንሽ ካሬ ለማረጋገጥ አንድ የሚያስደስት ዘዴ አለ፣ ለልጆችሽም የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ይሆንሻል። ካሬውን መልሰሽ ዘርጊና ባለ ቀለሙን ፊት እያየሽ ከእምብርቱ የሚወጡትን የሚሠሩ መስመሮች ቁጠሪ፦ አራት ተራራ፣ ሁለት ሸለቆ። የአንደኛው ሰያፍ ሁለት ግማሾች እጥፋት ሆነው ሳይሠሩ ያርፋሉ፤ እነሱ በኋላ እንደ መሃል መስመር ያገለግላሉ። አራት ሲቀነስ ሁለት፣ ሁለት። ጁን ማኤካዋ የተባለው ጃፓናዊ ሕጉን አስቀምጦታል፦ ወረቀት ጠፍጣፋ ሆኖ እንዲታጠፍ፣ መሃሉ ላይ ባለ በማንኛውም የመስመሮች መገናኛ የተራራውና የሸለቆው ቁጥር ልዩነት ምንጊዜም ሁለት ነው። ጽዋም አጠፍሽ ዘንዶ፣ ሕጉ አይለወጥም። የተቀደዱብሽን ወፎች ካልጣልሻቸው አንዷን ዘርግተሽ ቁጠሪላት፤ ልዩነቱ ሁለት አይመጣም፣ ወይም ደግሞ በግድ የተጫኑ ደብዛዛ የውሸት መስመሮች በመሃል ታገኛለሽ።

ከካሬው ቀጥሎ ያለው ደረጃ ብዙ ሰው የሚስትበት ሌላ ቦታ ነው፣ አንቺ ባትጠቅሺውም። የካሬው አንዱ ጫፍ ዝግ ነው፣ የወረቀቱ እምብርት ያለበት። ተቃራኒው ጫፍ ክፍት ነው፣ አራቱ ማዕዘኖች የተሰበሰቡበት። ክፍቱ ወደ አንቺ መዞር አለበት። ከዚያ የላይኛውን ንብርብር ግራና ቀኝ ጠርዝ ወደ መሃል መስመር ታመጫለሽ። እዚህ ላይ አንድ ምስጢር ልንገርሽ፣ ቪዲዮዎቹ የማይነግሩት፦ ጠርዞቹ መስመሩን አይንኩት። የፀጉር ያህል፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ክፍተት ተዪ። ሁለቱ ጠርዞች እርስ በርስ ከተነካኩ ወይም ከተደራረቡ፣ ቀጥሎ ያንን ክፍል ከፍተሽ ወደ ላይ ስታነሺው፣ ከዚያም እግሮቹን እንደገና ስታቀጥኚ፣ ንብርብሩ የሚተኛበት ቦታ ያጣል። ቦታ ያጣ ወረቀት ይሸበሸባል ወይም ይቀደዳል። እኔ ይህን ከመጽሐፍ ነው የተማርኩት፣ ከሚነበበው ሳይሆን ከሚጠረዘው፦ አሥራ ስድስት ገጽ የሆነ ጥራዝ ስታጥፊ ውስጠኛው ሉክ ከውጪው ትንሽ አልፎ ይወጣል፣ ውፍረት ቦታ ስለሚበላ።

አንገቷ። ሁለቱ ቀጫጭን እግሮች ወደ ታች ሲንጠለጠሉ አንዱ አንገት፣ ሌላው ጅራት ይሆናል። ጀማሪ እግሩን ወደ ላይ አጥፎ ጨርሻለሁ ይላል፤ ይህ አንገት ሳይሆን የታጠፈ እግር ነው፣ ባለቤትሽ ጫማ ያየውም ከዚህ ይመስለኛል። ትክክለኛው ወደ ውስጥ መመለስ ነው። እግሩን በምትፈልጊው ስፋት ወደ ላይ እጠፊና በጥፍርሽ ጫኚው፣ መልሰሽ አውርጂው፣ ገልብጠሽ በዚያው መስመር ወደ ሌላው አቅጣጫም እጠፊና አውርጂው። መስመሩ አሁን በሁለቱም በኩል ይታዘዛል። ከዚያ የእግሩን ሁለት ጎኖች በጣት ትንሽ ከፈት አድርገሽ ጫፉን በመሃላቸው ወደ ላይ ግፊው፣ ውጪው ውስጥ ሆኖ ይገለበጣል። መስመሩን ሁለቱ እግሮች እስከሚለያዩበት ድረስ አታድርሺው፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ዝቅ ይበል። ንብርብሩ ሁሉ የሚታሰረው እዚያ ላይ ስለሆነ ወረቀቱ የሚቀደደውም እዚያው ነው። ምንቃሩም በዚያው ስልት፣ ግን በጣም ትንሽ።

የት ተቀምጠሽ እንደምታጥፊ አልነገርሽኝም፤ ማታ ማታ ስለሆነ አልጋ ላይ ይመስለኛል፣ ምናልባትም ስልኩ ትራስ ላይ ተደግፎ። በአልጋና በጭን ላይ የታጠፈ እጥፋት ሁልጊዜ ጎባጣ ነው። ጠንካራ ጠረጴዛ ያስፈልጋል፤ ከሌለ የእንጨት መክተፊያ ጭንሽ ላይ አድርጊ። ስታጥፊ መጀመሪያ ጠርዙን ከጠርዙ፣ ማዕዘኑን ከማዕዘኑ አገጣጥሚና በአንድ እጅ ያዢ፤ እስኪገጥም ድረስ እጥፋቱን አትንኪው። ሲገጥም ከመሃሉ ጀምረሽ ወደ ግራ አንድ ጊዜ፣ ወደ ቀኝ አንድ ጊዜ አስምሪው። ከዚያ በእስክርቢቶ ክዳን ወይም በማንኪያ ጀርባ ድገሚው፤ እኛ የምንጠቀመው የተሞረደ አጥንት ነው፣ ማንኪያው ግን አያንስም። ነጠላ ስታጥፊ ጥለቱን ከጥለቱ አስተካክለሽ ነው መሃሉን የምትሰብሪው፣ አይደል? ያንኑ ነው የምልሽ።

ቪዲዮውን በተመለከተ ትንሽ አማረርኩ መሰለኝ፣ ግን ከልቤ ነው። ቪዲዮ እጅን ያሳያል፣ ወረቀትን ይሸፍናል። የሥዕል መመሪያ ተቃራኒው ነው። ይህን የምልክት ቋንቋ በአብዛኛው የፈጠረው አኪራ ዮሺዛዋ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1911 የተወለደ፣ ፋብሪካ ውስጥ ሠርቶ አደር፣ ለጀማሪ ሠራተኞች ጂኦሜትሪ እንዲያስተምር ሲመደብ ወረቀት እያጠፈ ያስረዳ የነበረ ሰው። ነጠብጣቡንና ቀስቱን እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው ሥራው አስተዋወቀ፤ ከዚያ ወዲህ ጃፓንኛ የማያነብ ሰውም የጃፓኑን ወፍ ማጠፍ ቻለ። «ኦሪ» ማጠፍ፣ «ካሚ» ወረቀት ነው፤ ከሁለቱ ቃላት ውጭ የቋንቋ ዕዳ የለብሽም። የሥዕል መመሪያ ስታገኚ አንድ ልማድ ያዢ፦ የምታጥፊውን ሥዕል ብቻ አትዪ፣ ቀጣዩን ሥዕል አይተሽ እንዲህ መምሰል አለበት ብለሽ ከዚያ እጠፊ። ሄዶ የሚመለስ ቀስት ደግሞ «አጥፈሽ ዘርጊ» ማለት ነው። እኔ ያንን ቀስት አላወቅኩትም ነበርና የመጀመሪያዋን ወፌን ሳልዘረጋ ቀጠልኩ፣ የበሩ ማቆሚያ ያንን ያህል የጠነከረውም በከፊል በዚህ ነው።

ወፏን ለመጀመሪያ ቀን መምረጥሽን ግን አልደግፍም። ታዋቂ መሆኗ ቀላል አላደረጋትም። ዝናዋ የመጣው ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ ሲጣል የሁለት ዓመት ሕፃን ከነበረችውና በደም ካንሰር ታማ እ.ኤ.አ. በ1955 ካረፈችው ሳዳኮ ሳሳኪ ነው፤ ሺህ ወፍ ያጠፈ ምኞቱ ይሰምራል የሚለውን የአገሯን እምነት ይዛ ሆስፒታል ተኝታ ታጥፍ ነበር፣ ያገኘችውን ቁራጭ ወረቀት ሁሉ፣ የመድኃኒት መጠቅለያም ሳይቀር። ታሪኩን ለልጆቹ ንገሪያቸው። እጃቸውን ግን በሌላ ጀምሪላቸው።

እኔ ብሆን በጽዋ እጀምር ነበር። ካሬውን በሰያፍ አጥፈሽ ሦስት ማዕዘን አድርጊ፣ ረጅሙ ጎን ወደ አንቺ። የቀኙን የታች ማዕዘን አንስተሽ ወደ ግራው ጎን ወስደሽ አስተኚ፤ የት ላይ እንደሚያርፍ የምታውቂው የተነሣው ክፍል የላይ ጠርዙ ከታችኛው ረጅም ጎን ጋር ትይዩ ሲሆን ነው። የግራውንም እንዲሁ ወደ ቀኝ። ከላይ የቀሩት ሁለት ጫፎች አንዱ ወደ ፊት ወርዶ ኪሱ ውስጥ ይገባል፣ ሌላው ወደ ኋላ ይታጠፋል። አፉን ስትከፍቺው ጽዋ ነው። ለትንሽ ጊዜ ውኃም ይይዛል። አምስተኛ ክፍል ግን ውኃ አያሻውም፤ ቆሎ አድርጊበት። የሐይቅ ቆሎ ሻጮች ከአሮጌ ደብተር የሚጠቀልሉትን ሾጣጣ ልጆቹ ያውቁታል፣ ቁጭ ሲያደርጉት ይወድቅና ቆሎው ይፈሳል። ይኸኛው ይቆማል። ልጅ የሠራው ነገር ወዲያው ሲያገለግለው ሁለተኛውን ለመሥራት አይለመንም፤ ማዕዘን ከማዕዘን ማገጣጠምንም ሳያውቀው ይለማመዳል። በሁለተኛው ሳምንት ጀልባ፣ ሐይቁ ደጃችሁ ነውና ተንሳፋፊነቱን ይፈትኑት። በሦስተኛው ተከድኖ የሚቀረውን ትንሽ ካሬ ብቻ፣ አሥር ጊዜ፣ ያለ ወፍ። በአራተኛው ወፍ።

አርባ ምናምን ልጅ ባለበት ክፍል ሁሉም ከአንቺ እጅ ሊያዩ አይችሉም። ለራስሽ ማሳያ ካሬ ከአሮጌ የግድግዳ ካሌንደር ገጽ ቁረጪ፤ ሰፊ ነው፣ ጀርባው ነጭ ነው፣ ፊቱ ባለ ሥዕል ስለሆነ የትኛው ፊት እንደሆነ ከኋላ ወንበር ይታያል። ውፍረቱ በትልቅ ካሬ ላይ አያስቸግርም፤ ውፍረት የሚያስቸግረው ከስፋቱ ጋር ሲነጻጸር ነው። ለልጆቹ ደግሞ ካሬውን አንቺ ቆርጠሽ አምጪላቸው፣ በመጀመሪያው ቀን እንዲቆርጡ አታድርጊ። ሠላሳው ከተበላሸ ካሬ ጀምረው ሠላሳው «እጄ አልተፈጠረም» እንዳይሉሽ።

ባለ ቀለም ወረቀት ከየት ይገኛል ብለሽ በግርጌው ጠይቀሻል። የስጦታ መጠቅለያ ይሆናል፣ ያ የሚያብለጨልጨውና ፕላስቲክ የሚመስለው ሳይሆን ተራው፤ ከጥቅልል ስለሚመጣ ይጠቀለልብሻልና አንድ ሌሊት ከከባድ መጽሐፍ ሥር ይደር። እኛም ጋ ከመጽሐፍ ሽፋንና ከማስታወቂያ የሚተርፍ ሳሳ ያለ ባለ ቀለም ቁራጭ አለ፤ ለመጣል ስለሚያሳዝነኝ በካርቶን አጠራቅመዋለሁ። ወደ ደሴ የሚወጣ ሰው ስታገኚ ላኪብኝ፣ በማሽኑ 15 በ15 እቆርጥልሻለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ዝግ ነን። በዚያው ሰው እጅ ደግሞ ያቺን ያልተቀደደችውን፣ ዶሮም ትሁን ጫማ፣ ሳትዘረጊ አብረሽ ላኪልኝ፤ እምብርቷን ከፍቼ ልቆጥርላት እፈልጋለሁ።